ለእብናቱ ሰው ያልነገርሁት ቁጥር

ባለቤቴ የባሕረ ሐሳብ መምህር ነበሩ። ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካው በየትኛው እሑድ እንደሚውል በቁጥር ፈልጎ የማግኘት ትምህርት ነው። ቤታችን ከደብረ ታቦር ከተማ ወረድ ብሎ፣ ከደብሩ አጥር ሥር ነበር። ተማሪዎቻቸው ከግድግዳው ውጭ በጥድ ጥላ ተቀምጠው ትምህርታቸውን በቃላቸው ሲወጡ፣ እኔ ከግድግዳው ወዲህ ጥጥ እፈትላለሁ። እጄ ሥራ ይዟል፤ ጆሮዬ ግን ሥራ ፈት ነው። ሥራ ፈት ጆሮ ደግሞ የወደቀውን ሁሉ ያነሣል። ፊደሉን በልጅነቴ ከወንድሜ የዳዊት መጽሐፍ ላይ ሰርቄው ነበር፤ ቁጥሩን እንዲህ ከግድግዳ ጀርባ ሰረቅሁት።

ማወቄን ያወቁብኝ አንድ ቀን ተማሪ ተሳስቶ ሲቆም፣ ሳላስበው መልሱን ከውስጥ ጮክ ብዬ ስናገር ነው። ውጭ ያሉት ሳቁ። ባለቤቴ ገብተው እንዝርቴን አዩ፣ እኔን አዩ፣ «አንቺ ሴት፣ ግድግዳውን በጆሮሽ ልትነድዪው ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ተማሪዎቹ ቁራሽ ሊለምኑ ወደ መንደር ሲወጡ፣ እሳቸው የዕለቱን ትምህርት ይጠይቁኛል፤ እኔም ባቄላ እየቆጠርሁ እመልሳለሁ። ነገሩ ግን ከቤት አልወጣም። ሴት የቤተ ክርስቲያን ቁጥር ተናገረች ቢባል የሚሰማ አልነበረም፤ እኔም ይሰሙኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የማወራው ስለ አንድ ሰው ነው። በኅዳር፣ አዝመራው በሚታጨድበት ወራት፣ ከእብናት በኩል አንድ ጎልማሳ አንድ አህያ ጤፍ ጭኖ ደጃችን ቆመ። ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ድቁና አለው፤ ሚስቱ ሞታበታለች። እርፍ ሲይዝ የኖረ እጁ እንደ ቅርፊት ደርቋል። ባለቤቴ አስገብተው ሲጠይቁት ታሪኩን እያፈረ ነገረን።

መንደራቸው ገደል አፍ ላይ ለብቻዋ የተቀመጠች ናት። የቤተ ክርስቲያናቸው ቁጥር አዋቂ በበሽታ ሞቶባቸው፣ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አንድ ሰው ገደሉን ወርዶና ወጥቶ ከማዶው ደብር ጾሙን ጠይቆ ይመለሳል። የማዶዎቹም ነገር አዋቂዎች ናቸውና፣ «የጾም ለማኞች መጡ፤ ዘንድሮ ስንት ቀን ይበቃችኋል?» ይሏቸዋል። መጀመሪያ ላይ አብረው ሳቁ። ሲደጋገም ግን ቁስል ሆነ። ሽማግሎቹ ተማክረው፣ ከእህላቸው አዋጥተው እሱን ላኩት። የሰጡት ትእዛዝ አንድ ነው፤ ለነነዌ ጾም ደርሰህ ተመለስ፣ ዘንድሮ ገደሉን አንሻገርም።

ነነዌ ሦስት ቀን ብቻ ናት፤ ዐቢይ ጾሙም ፋሲካውም የሚቆጠሩት ግን ከእሷ ነው። በጥር አጋማሽ ልትገባ ትችላለች። ሰውየው የነበረው ጊዜ ሁለት ወር እንኳ አይሞላም። የባለቤቴ ትምህርት ደግሞ ሁለት ዓመት ነው።

እሳቸው ከመምህራቸው የተቀበሉት ተራ እንዲህ ነበር። አስቀድሞ የግእዝ ቁጥር፤ ከዚያ ብዙውን ቁጥር እየከፈሉ ትራፊውን መያዝ፤ ቀጥሎ ዘመን የሚዞርባቸው ክቦች፤ ከክቦቹ መጥቅዕ የሚባለው ቁጥር ይወጣል። መጥቅዕ የዓመቱ ቁልፍ ነው። እሱ ከተገኘ ነነዌ ትገኛለች፣ ከነነዌም ጾሙና በዓሉ ሁሉ ተራ በተራ ይወርዳል። ተማሪ ጾሙን በዐይኑ የሚያየው በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ነው። ስንቱ ሰልችቶት መሐል ላይ ወደ ዜማ ቤት ኮበለለ።

ሰውየው ከመጣ በማግስቱ ባለቤቴ ቁርበት ላይ ተቀምጠው አገጫቸውን ይዘው አገኘኋቸው። እፍኝ ባቄላ አምጥቼ ፊታቸው በተርታ ደረደርሁት፤ አንዱ ባቄላ አንድ ትምህርት። ከመጨረሻዎቹ ሦስቱን አንሥቼ ከፊት አስቀመጥኋቸው።

«ከጅራቱ ይጀምሩለት» አልኋቸው። «የዘንድሮውን መጥቅዕ እርስዎ ያውቁታል፤ ይስጡት። ከመጥቅዑ ነነዌን፣ ከነነዌ ጾሙን ማውጣት ይማር። ለራበው ሰው አስቀድሞ ቁራሽ ይሰጡታል እንጂ እርሻ ያስተምሩታል?»

«ቁራሽ የለመደ እርሻ ይረሳል» አሉኝ።

ሁለት ቀን ተከራከርን። እሳቸው ባቄላዎቹን ወደ ነበሩበት ይመልሳሉ፤ እኔ መልሼ እገለብጣለሁ። ሰውየው ክቦቹን ጀምሮ ጾሙን ሳያውቅ ቢመለስ፣ መንደሩ ዳግመኛ አይልከውም አልሁ። ያ አሸነፋቸው። የትምህርቱን ራስ ለከርሞ መስከረም፣ ጅራቱን ለዘንድሮ አደረግነው።

አንድ ነገር ግን እምቢ አሉኝ። መጥቅዕን ከዓምናው ወደ ዘንድሮ የሚያሻግር አጭር መንገድ አለ፤ በዓምናው ላይ ዐሥራ ዘጠኝ ጨምር፣ ሠላሳ ካለፈ ሠላሳውን ጣል። ይህን እንኳ ይያዝ አልሁ። ክቡ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱን ሞልቶ ሲያልቅ ያ መንገድ በአንድ ይስታል፤ ለምን እንደሚስት የማያውቅ ሰው ሕዝብ ይዞ ገደል ይገባል አሉ። በመስከረም ተመልሶ ሲመጣ ከነምክንያቱ ይማረዋል። ከመምህርነታቸው አንጻር እውነት ነበራቸው። ክቡ ሊያልቅ ዐሥራ አምስት ዓመት ቀርቶት ነበር።

የዚያ ዓመት መጥቅዕ ዐሥራ ስድስት ነበር። ሰውየው ዐሥራ ስድስቱን እንደ ታቦት ተሸክሞ ዋለ። ሲቆጥር በጣቶቹ አንጓ ነበርና አንድ ቀን፣ «የኔታ፣ ጣቴ ዐሥር ነው፣ ቁጥሩ ሠላሳ፤ የቀረውን ከማን ልዋስ?» ቢላቸው፣ «እግርህ ባዶ አይደል» አሉት። መጥቅዑ የዋለበትን ዕለት ማግኘት፣ ዕለቱ የራሱ የሆነ ጭማሪ እንዳለው፣ ጭማሪውን ከመጥቅዑ ደምሮ ነነዌን ማውጣት፤ ቀስ እያለ ሁሉን ያዘ። ፈጥኖ አይገባውም፤ የገባውን ግን አይጥልም። ጥምቀት እንዳለፈ ባለቤቴ ጠርተው ሲፈትኑት ነነዌን በጥር ሃያ ሁለት አወጣት። ትክክል ነበር። እዚያው ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሳመ፣ አህያውን ነድቶ ሄደ።

ያን ዓመት መንደሩ ማንንም ሳይጠይቅ ከማዶው ጋር በአንድ ቀን ጾመ፣ በአንድ ቀን ፈሰከ። ለፋሲካ ማግስት አንድ ገንቦ ማር ላኩልን። ባለቤቴ ማሩን ቀምሰው፣ «ጅራቱ ይጣፍጣል» አሉኝ። እኔም ኮራሁ፤ አልዋሽም።

ክረምቱ ሲገባ ታመሙ። ሳሉ ከዝናቡ ጋር መጣ፤ ዝናቡ ሳያባራ እሳቸው አለቁ። የፍልሰታ ጾም ሳይፈታ አንድ ከሰዓት፣ ትራሳቸውን ሳስተካክል እጄን ያዙና፣ «የእብናቱ ሰው የያዘው ግማሹን ነው። ሲመጣ እንዲሁ እንዳይመለስ» አሉኝ። ማን ያስተምረው አላሉም። እኔም አልጠየቅሁም። በሦስተኛው ቀን ዐረፉ።

አርባቸው የወጣው የመስቀል ሰሞን ነው። ዳስ ጥለን፣ ካህናቱ ከላይ፣ የእኛ ሰዎች ከታች ተቀምጠዋል። የእብናቱ ሰው ያንን ቀን መጣ። በዚያ ወራት መንገዱ ሁሉ ወታደር ነበር፤ ንጉሡ መድፍ በሚያሠሩበት በጋፋት በኩል ያለፈውን እየያዙ ድንጋይና ብረት ያስጎትቱት ነበርና ዙሪያውን በገደል ገደል ተሽሎክሉኮ ነው የደረሰው። ስንቁን ታጥቆ ለትምህርት ነበር የመጣው፤ ሞታቸውን የሰማው ከዳሱ ደጅ ነው። ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ አለቀሰ። ኋላ ወደ እኔ ቀርቦ፣ የየኔታን ትምህርት የያዘ፣ የቀረኝን የሚያሳየኝ ሰው እዚህ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሲጠይቀኝ ዐይኑን ከዐይኔ አልነቀለም። ከተማሪዎቹ ጋር ሁለት ወር የኖረ ሰው ነው፤ የግድግዳውን ወሬ ሳይሰማ አልቀረም።

አፌን ልከፍት ነበር። አጠገባችን ከተቀመጡት ደብተራዎች አንዱ ጥያቄውን ሰምቶ ጣልቃ ገባ።

«እመትን ጠይቃቸዋ፤ ሃያ ዓመት ከየኔታ ጋር አንድ ትራስ የተንተራሱ፣ ትራሱ ሳያስተምራቸው አይቀርም» አለ።

ክፋት አልነበረበትም፤ የልቅሶ ቤት ቀልድ ነው። ዳሱ ግን ሳቀ። ካህናቱም ዞር ብለው አዩኝ። ማቅ ለብሼ፣ ራሴን ተላጭቼ፣ በባለቤቴ አርባ ላይ በመሐላቸው ቆሜ ነበር። ፊቴ ነደደ። ለሰውየው፣ ወደ ጎጃም ተሻግሮ መምህር እንዲፈልግ ነገርሁት።

«መንገዱ እንዲህ ሆኖ አልሻገርም፣ እሜቴ» አለኝ። «ግድ የለም፤ ለዘንድሮ የያዝሁት ይበቃኛል። የቀረውን እግዜር ሲፈቅድ።»

የያዘው እንደማይበቃው አወቅሁ። በዚያች ቅጽበት አወቅሁ። ዐሥራ ስድስቱ የዓምና እንደ ነበረ ማንም አልነገረውም ነበር። በእኛ ቤት መጥቅዕ ከዓመት ዓመት እንደሚለወጥ ውሃ እንደሚወርድ ያህል የታወቀ ነገር ነውና፣ ለሰው መነገር አለበት ብለን አላሰብንም። ከትምህርቱ ራስ ላይ ያለ ነገር ነው፤ ያንን ራስ ደግሞ እኔ ነኝ ወደ ኋላ ያደረግሁት። ዐሥራ ዘጠኝ ጨምር፣ ሠላሳውን ጣል፤ አምስት ትሆንልሃለች። ይህን ለማለት ከአንድ ትንፋሽ የበለጠ አይፈጅም። ልቤን እንዲህ ብዬ አታለልሁት፤ ካላወቀ ማዶ ይጠይቃል። እንጀራና ጠላ አቅርቤ፣ ስንቁን ጨምሬለት ሸኘሁት።

እንዴት ማዶ ይጠይቃል? ላለመጠየቅ አይደል ወይ የላኩት።

የሆነውን የሰማሁት ከአንዲት የእብናት በርበሬ ነጋዴ ነው። ከፋሲካ በፊት፣ በጾሙ ማብቂያ ላይ ወደ እኛ ገበያ ወጥታ፣ ሴቶቹን ስታስቅ ደረስሁ። እኔ ማን እንደሆንሁ አታውቅም።

ሰውየው በዓምናው ዐሥራ ስድስት ቆጥሮ ነነዌን በጥር ሃያ አንድ አወጣ። መጥቅዑ የሚውልበት ዕለት በየዓመቱ ይለወጣልና ውጤቱ ከዓምናው በአንድ ቀን ተለወጠለት፤ ተለውጦ ስላየው ልክ መሰለው። ነነዌ ሰኞ ትገባለች፤ ያወጣውም ቀን ሰኞ ነበር። ምን ያጠራጥረዋል? እውነተኛዋ ነነዌ ግን ገና ሦስት ሳምንት ቀርቷት ነበር። በወታደር ምክንያት ገበያው ቀዝቅዞ፣ ሰው ከመንደሩ አይወጣም። አንድ ሁለት ሰው ማዶዎቹ አልጀመሩም ቢልም ሽማግሎቹ፣ ጾም ያስቀደመ አይኮነንም፣ ይልቁንስ እነሱ ተሳስተው ይሆናል ብለው ኮሩ። ጾሙን በሦስት ሳምንት ያስቀደመ ደግሞ ፋሲካውንም በሦስት ሳምንት ያስቀድማል።

በማዶው ገብር ኄር በሚባለው የጾሙ እሑድ፣ እነሱ ፈሰኩ። በግ አረዱ፤ ከበሮ መቱ። የማዶ ሰዎች ከበሮውን ሰምተው መጀመሪያ ሠራዊት መጣ ብለው ከብታቸውን ነዱ አለች ነጋዴዋ። ኋላ ነፋሱ ዞረና የጥብሱ ሽታ ገደሉን ተሻገረ።

ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ ሰውየውስ ምን ሆነ ብዬ ጠየቅሁ። ካህናቱ ከማዶ መጥተው መንደሩን በንስሐ ያዙት፤ ሥጋ በሆዳቸው እያለ ጾሙን እንደገና ገቡ። ሰውየውን ከመቅደስ አስወጡት። ደብረ ታቦር ተምሬያለሁ ይል ነበር፣ ምን ዓይነት መምህር እንዳስተማረው እንጃ አለች። በርበሬ ልገዛ ነበር የሄድሁት፤ ሳልገዛ ተመለስሁ።

ፋሲካው እንዳለፈ ከዚያችው ነጋዴ ጋር ወደ እብናት ወረድሁ። ሁለት ቀን ሄድን። ማን እንደሆንሁ በመንገድ ነገርኋት፤ ያን ዕለት በገበያው መሳቋ ትዝ ብሏት ብዙ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ሽማግሎቹን በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም አገኘኋቸው። ሰውየው የተማረውን አላጠፋም፤ ተራውን ያዛነፍነው እኛ ነን፤ የቀረውንም ሊጠይቅ መጥቶ የነፈግሁት እኔ ነኝ አልኋቸው።

አንዱ፣ ሟች አይከሰስም፣ አንቺ ደግሞ ይህን ከየት አወቅሽ አለኝ። ቆጠርሁላቸው። የዘንድሮውን አወጣሁ፤ ከማዶው ጋር ገጠመ። ከርሞስ አሉ፤ መጥቅዑ ሃያ አራት፣ በመስከረም ይውላል አልሁ። ሊቀልድ የፈለገ ሰው ነበር፤ አፉ ግን አልታዘዘለትም። በአርባው ቀን የፈራሁት ሁሉ ይኸው ነበር፤ ጥቂት ሽማግሎች፣ ጥቂት ዝምታ።

አለቃቸው በዕድሜ የገፉ ናቸው። በትራቸውን መሬት ላይ አዞሩ።

«አምኜሻለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። «ሰውየው አላጠፋም። ነገር ግን ሕዝቡ በቅዳሴ ባየው ቁጥር ያ በግ ትዝ ይለዋል። አንመልሰውም።»

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አነሡኝ፤ ቃላቸውን ግን አላነሡም።

ሰውየውን ከማሳው ዳር አገኘሁት። ከስቷል። የመጣሁበትን ስነግረው አልተገረመም፤ ቤቱ አስገብቶ ከእኅቱ ጋር አስቀመጠኝ። አራት ቀን እዚያ ሰነበትሁ። በአራቱ ቀን ክቦቹን ሁሉ፣ ራሱን ከነምክንያቱ፣ አጭሩን መንገድና የሚስትበትን ዓመት አሳየሁት። ያ ፈጥኖ የማይገባው ሰው፣ እንዴት እንደ ገባው! አሁን አንዱ ቁጥር ሌላውን እየጠራ ሲመጣ ፊቱ ሲበራ አየሁት፤ የተማረው ለማን እንደሚጠቅም ሲያስብ ደግሞ ሲጠፋ አየሁት።

በአራተኛው ቀን፣ ያን ዕለት ለምን ዝም አሉኝ ብሎ ጠየቀኝ። ብዙ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ መንገዱ፣ ማቁ፣ ካህናቱ።

«ዐፈርሁ» አልሁት።

እሱም መሬቱን አይቶ፣ «እኔም ማዶ ሄጄ ለመጠየቅ ዐፈርሁ» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ በየመስከረሙ፣ ነጋዴዋ ወደ እኛ ገበያ ስትወጣ፣ ቁጥር ይልክልኛል። መንደሩ ጾሙን ዳግመኛ ከማዶ እየጠየቀ ነው፤ እሱን የሚጠይቀው የለም። ግን ይቆጥራል። በመጀመሪያው ዓመት ሴትዮዋ፣ «ሃያ አራት በያቸው አለኝ፤ ምንድን ነው፣ ላም ነው?» አለችኝ። ልክ ነው በይው ብዬ ላክሁ። በዚያው ሰሞን ደብረ ታቦር ከተማ ተቃጠለ፤ የባለቤቴ ብራናም አብሮ ሄደ። እኔ ወደ አንበሳሜ፣ ወደ ወንድሜ ቤት ወረድሁ። በሁለተኛው ዓመት ሴትዮዋ አፈላልጋ እዚያ መጣችና፣ «ዐሥራ ሦስት» አለች፤ ላም መሆኑን ትታዋለች። ልክ ነው አልኋት።

በሦስተኛው መስከረም በርበሬዋን አራግፋ፣ ውሃ ጠጥታ፣ የእኅቷን ልጅ ሠርግ አውርታ ጨረሰች። ቁጥሩን አላነሣችም። እኔ ጠየቅኋት።

ዘንድሮ አልጠራኝም፤ በቤቱ ሳልፍ ደጁ በእሾህ ተዘግቷል አለችኝ። እኅቱ ወደ ባሏ አገር ሄዳለች። ገዳም ገባ የሚሉ አሉ፤ ወታደር ወሰደው የሚሉም አሉ። ሞተ ያለ ግን የለም፤ ቀብሩን ያየም የለም።

ቁጥሩን እኔ ከነሐሴ ጀምሮ አውጥቼ ይዤው ነበር። እንደ ልማዴ ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በክቡ፣ አንዴ በአጭሩ መንገድ። ስትሄድ እስከ ደጅ ሸኘኋት፤ ምናልባት በመንገድ ብታገኚው፣ ሁለት ነው በይው አልኋት። እንዳትረሳው ሁለት ጣቷን አንሥታ አሳየችኝ፣ አህያዋን ነዳች።